ምዕራፍ 6፦ ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ወረታን የሚያቋርጠው፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ለሾፌሩ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ተጣብቀው ለቆሙት ቤቶች ግን ትልቅ ነገር ነው። ፊታቸው ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸው ወደ ጓሮው ስለሆነ አንዱ ተርታ ፊቱን ለጠዋት ፀሐይ፣ ማዶ ያለው ደግሞ ለከሰዓት ፀሐይ ሰጥቷል። የሰሜንና የደቡብ ጎናቸው ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ነው፤ መስኮት አይወጣበትም። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ኤሲ ወይም ቬንትሌተር ገዝቶ «የት ላይ ልስቀለው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚጀምረው ከአስፋልቱ በየት በኩል እንደሚኖር ከማወቅ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለገጣሚው ነው። ገጣሚው ደግሞ መብራቱ የሚቀርብበትን፣ የመዳብ ቱቦው የሚያጥርበትንና መሰላሉ የሚቆምበትን ቦታ ይመርጣል። አይፈረድበትም፤ የተቀጠረው ማሽን ሊሰቅል ነው እንጂ ቤቱን ሊያጠና አይደለም። ቤቱን ማጥናት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ለዚያውም ገንዘቡ ከኪሱ ከመውጣቱ በፊት።

መጀመር ያለብን ከላይ፣ ከጣሪያው ነው። ወረታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 13 ገደማና ነሐሴ 16 ገደማ፣ በትክክል አናቷ ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲል የቆመ እንጨት ጥላ ከሥሩ አይወጣም። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያውን ግን የሚሸፍነው የለም። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ሙቀት የሚበረታው ደግሞ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆኑት ሳምንታት ፀሐዩ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ቆርቆሮው ላይ ነው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ኪሎዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። 4 በ5 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ አላት፤ 20 ኪሎዋት ይወርድባታል። አምስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጣሪያዋ ላይ ተጥዶ እንደዋለ ቁጠሩት። ከዚህ ውስጥ የሚንጸባረቀው ተንጸባርቆ፣ ነፋስ የሚወስደውን ወስዶ፣ ሩቡ ብቻ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ 5 ኪሎዋት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከክፍል የሚያወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ኤሲ መስቀል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ የቤቱ ሰው ግን ያልበዋል።

የድሮው የሳር ክዳን ይህ ችግር አልነበረበትም። ውፍረቱና በሳሩ መካከል የታሰረው አየር ሙቀቱን ይይዘው ነበር። ሳሩን እሳትና ምስጥ ያጠፉታል፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ከተማ ውስጥም ከተረሳ ቆይቷል፤ ወደ እሱ እንመለስ የሚል የለም። ቆርቆሮ ዝናብን ያስቀራል፤ ሙቀትን የማስቀረት ሥራ ግን ለሌላ ነገር መሰጠት አለበት። አዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ብዙውን ብርሃን ይመልሳል፤ ዝጎ ሲጠቁር ግን የሚመልሰው እያነሰ ይሄዳል፣ የዋጠውንም ወደ ታች ይተፋዋል። የዛገ ጣሪያ ሥር ገብተው እጅዎን ወደ ላይ ቢዘረጉ፣ ቆርቆሮውን ሳይነኩት መዳፍዎ ይሞቃል። ይህ የአየሩ ሙቀት አይደለም፤ ከብረቱ በጨረር የሚወርድ ሙቀት ነው። በቬንትሌተርም አይባረርም።

ይህን ጨረር የሚቆርጠው ኮርኒስ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ መወጠርም ሆነ አቡጀዲ መለጠፍ ከምንም ይሻላል፤ ችፑድ ከሁለቱም ይሻላል። የሁሉም ጥቅም ይበልጥ የሚያድገው ግን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ሲኖረው ነው። በተርታ ቤት ላይ ይህ ቀላል ነው። የፊትና የኋላው የጣሪያ ጠርዝ ሥር ባለ ወንፊት ክፍተት ከተተወ፣ በኮርኒሱ ላይ የጋለው አየር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይጠረጋል። ሁለቱንም ጠርዝ በሲሚንቶ ደፍኖ «ሙቀት በዛብን» ማለት አይሠራም። ጣሪያውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ወጪው ከኤሲ ጋር የማይወዳደር መፍትሔ ነው፤ ነጭ ቀለም የሚመጣውን ብርሃን ይመልሳል፣ የዋጠውንም ጥቂት ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ ይለቃል።

ከዚህ ሌላ ወረታ ከብዙ ከተሞች የተለየ ሀብት አላት። ሩዝ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሜዳው ላይ ሥር ከሰደደ ወዲህ ከተማዋ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው። ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገለፈት ነው። ይህ ገለፈት በየወፍጮው ጀርባ ይከመራል፤ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ይበሰብሳል። ሙቀት አላሳልፍ በማለት ግን በፋብሪካ ከሚሠሩ የሙቀት መከላከያዎች ብዙም አያንስም። በደረቁ በከረጢት ተሞልቶ ኮርኒሱ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢደረደር ጣሪያው ወደ ውስጥ የሚልከውን ሙቀት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጥንቃቄ የሚሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ጣሪያው እንዳያፈስ፣ የኮርኒሱ እንጨት ክብደቱን እንዲችል፣ የመብራት ገመድ በገለፈቱ ውስጥ እንዳያልፍ ያስፈልጋል፤ ገለፈት እሳት ከያዘ ያለ ነበልባል ውስጥ ውስጡን ይጨሳልና። የሩዝ ማዕከሉና የከተማው አስተዳደር ተባብረው ይህን በጥቂት ቤቶች ላይ በሙከራ ቢያሳዩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሀብቱ ደጃፋቸው ላይ ተከምሯል።

ጣሪያው ከተያዘ በኋላ ነፋሱ ይመጣል። የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውኃ ሲሆን ከወረታ በስተ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሲግል በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይመጣል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። በስተ ምሥራቅ ያለው አገር ወደ ደብረ ታቦርና ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚረዝመው ወደ ጉና ተራራ እያለ ከፍ ይላል፤ እዚያ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ሌሊቱን ወደ ሜዳው ይወርዳል። ስለዚህ ቀን ላይ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ሌሊት ደግሞ ከምሥራቅ መጠበቅ ይቻላል። ሕንፃ፣ ዛፍና አጥር ነፋስን ስለሚያጣምሙት ግን ሁሉም ሰው በራሱ ቤት ማረጋገጥ አለበት። ቀጭን የፌስታል ክር በፊት መስኮትና በጓሮ በር ላይ አስሮ፣ አንድ ሳምንት ያህል 9 ሰዓት ላይና ከመኝታ በፊት ወዴት እንደሚወዛወዝ ማየት ነው። ከዚህ የረከሰና የታመነ መሣሪያ አላውቅም።

ዓፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውን እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጉዛራ ኮረብታ ላይ ሲያሠሩ ከአራቱም ማዕዘን ነፋስ ያገኙ ነበር። ተርታ ቤት የሚያገኘው ከሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚመጣበት ምዕራቡ ፀሐዩም የሚመታበት እሱው ነው። መስኮቱን ሲከፍቱት ነፋሱ ከፀሐዩ ጋር ይገባል፤ ሲዘጉት ፀሐዩ ከነፋሱ ጋር ይቀራል።

ከአስፋልቱ ወዲህ፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ተርታ እንመልከት። ሱቁ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ጠዋት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ነው። ጓሮው ወደ ምዕራብ ነው። ማድ ቤቱ እዚያ ስለሆነ የከሰዓቱ ነፋስ የወጡንና የእንጀራውን ጭስ እየገፋ በመኝታ ቤቱ በኩል ወደ ሱቁ ያመጣዋል። ብዙ ሰው ጭሱን ሽሽት የጓሮውን በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ አንድ አፍ ብቻ ያለው እንስራ ይሆንና አየሩ ይቆማል። እዚህ ቤት የመጀመሪያው «አየር ማቀዝቀዣ» ከማሽን ቤት አይገዛም። ማድ ቤቱን ከጓሮ በሩ ትይዩ አንስቶ ወደ ጓሮው ጥግ መውሰድና የጭስ መውጫውን ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ማስረዘም ነው።

የጓሮው ግድግዳ ራሱ ሌላ ጉዳይ አለው። ፀሐይ 10 ሰዓት ላይ ገና 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትመታዋለች፤ 11 ሰዓት ሲሆን ወደ 22 ዲግሪ ትወርዳለች። 70 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የጣሪያ ክፈፍ በዚያ ሰዓት የሚያጠላው ከግድግዳው አናት 28 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ክፈፍ ማርዘም ትርጉም የለውም፤ የሚያስፈልገው የቆመ ከለላ ነው። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የተሰቀለ የሸምበቆ ወይም የደንገል መጋረጃ ፀሐዩን ያስቀራል፣ ነፋሱን በመካከል ያሳልፋል። ማንጎ ወይም ዋንዛ ከተከሉ ደግሞ ከዓመታት በኋላ መጋረጃውን ማውረድ ይቻላል። ይህ ከለላ ከሌለ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተቀበለውን የሚያስረክበው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ ልክ ሰው ሲተኛ ነው። በዚህ ተርታ የሚኖሩ ሰዎች አልጋቸውን ከጓሮው ግድግዳ ጋር ባያስጠጉ ይሻላል። የሌሊቱ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚገባው ከመንገዱ በኩል ስለሆነ ከሱቁ በላይ ያለ ባለ ወንፊት መስኮት የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ማዶ ያለው ተርታ ግልባጩ ነው። ሱቁ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐዩ መደርደሪያው ድረስ ይዘልቃል፣ ነፋሱም የአስፋልቱን አቧራ ይዞ ይገባል። በተቃራኒው ጓሮው ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ ሌሊትም ከጉና በኩል የሚወርደውን ነፋስ ፊት ለፊት ያገኛል። እዚህ መኝታው በኋላ በኩል መሆኑ ትክክል ነው። ለሱቁ የሚያስፈልገው ከፊት ለፊት ሸራ መወጠር ነው፤ ሸራው እንደ ኮፍያ ብቻ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታችም እስከ ሰው ወገብ የሚወርድ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ፤ የፎገራ ሌሊት ያለ ወባ አይታሰብምና። በመጋቢት ቀን ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋው ሙቀት ሌሊት ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። ይህ በነፃ የሚገኝ ቅዝቃዜ ነው፤ መስኮቱ ቢከፈት ቤቱ እስከ ንጋት ድረስ ቀዝቅዞ ለሚቀጥለው ቀን ስንቅ ይይዝ ነበር። ሰው ግን ይዘጋዋል። አንደኛ ትንኝ፣ ሁለተኛ ሌባ። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በኋላ በር መስኮት ተጠርቅሞ አምስትና ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል፤ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ አጎበሩ ይጣላል። በእኔ ግምት በሜዳው ላይ የሙቀትና የወባ ችግር አንድ ችግር ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ካልቀነሰ አጎበር ማደል ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ለሁለቱም የሚሆነው መፍትሔ ወንፊትና የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነው። ጋምቢያ ውስጥ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በርና መስኮታቸው በወንፊት የተሸፈነ፣ የጣሪያ ጠርዛቸውም የተደፈነ ቤቶች ውስጥ የሚገባው የወባ ትንኝ ከግማሽ በላይ መቀነሱን፣ የልጆች የደም ማነስም መቀነሱን አሳይቷል። አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ወንፊት የነፋሱን ጉልበት ይቀንሳል። ወንፊት የሚለጠፍበት መስኮት ከተለመደው ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት፤ ትንሿን መስኮት በወንፊት ሸፍኖ ነፋስ መጠበቅ አይቻልም። የጣሪያ ጠርዝ ክፍተትም ቢሆን የሚተወው በወንፊት ታጥሮ እንጂ ክፍት ሆኖ አይደለም።

ቬንትሌተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የጣሪያ ቬንትሌተር የሚፈልገው 70 ዋት ገደማ ነው፤ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ከ1 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። ቬንትሌተር ግን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። በሰውነት ላይ የሚነፍሰው አየር በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን ሙቀቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ የቀነሰ ያህል ይሰማል። ሰው በሌለበት ክፍል ማሽከርከር መብራት ማባከን ነው። ቦታውም ኮርኒሱ መሀል ብቻ አይደለም። ሌሊት ላይ ውጪው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ፣ ቬንትሌተሩን ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ባለው መስኮት ከፍ አድርጎ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር ነው። የጋለውን አየር ሲያስወጣ ቀዝቃዛው በሌላው በኩል ራሱ ይገባል። በሐይቁ በኩል ላለው ተርታ ይህ የጓሮው መስኮት ነው፤ ለማዶው ተርታ የሱቁ የላይኛው መስኮት ነው። ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ያኔ የሚያገኘው ያንኑ የክፍሉን ሞቃት አየር ነው።

በበጋው ደረቅ ወራት ውኃም ይረዳል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ከአካባቢው ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይወስዳል። እርጥብ ሸራ ነፋስ በሚገባበት በር ላይ መስቀል በመጋቢትና በሚያዝያ ይሠራል፤ ሩዙ በውኃ ተኝቶ አየሩ በእርጥበት በሚሞላበት በሐምሌ ግን አይሠራም።

እንግዲህ ኤሲ የግድ የሚያስፈልገው የት ነው? በእኔ እምነት በዚህ ተርታ ላይ ከማንም በፊት የሚገባው መድኃኒት ቤቱ ነው። የብዙ መድኃኒት ካርቶን ላይ «ከ25» ወይም «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ አለ። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ያለ የመጨረሻው ከፍተኛ መደርደሪያ በሚያዝያ 9 ሰዓት ላይ ከዚህ እጅግ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው መደርደሪያ ግን በብዙ ዲግሪ ይሻላል። ሽሮፑና ጠብታው ከላይ፣ ጥጡና ፋሻው ከታች ተደርድሮ ከታየ ዛሬውኑ ሊገለበጥ የሚገባው ነገር ነው፤ ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። የሚታመመው ሕፃን መድኃኒቱ በሙቀት መዳከሙን አያውቅም፣ እናቱም አታውቅም።

ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ ሱቁን ሙሉ ማቀዝቀዝ ይቅር። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። የተርታ ቤት ሰው ሁሉ የሚጠላት መካከለኛዋ ክፍል፣ ጨለማዋ፣ መስኮት የሌላት፣ የምታድነው እሷ ናት። በሁለቱም ጎን የጎረቤት ግድግዳ አለ፣ በፊትና በኋላ ሌላ ክፍል አለ፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አንድም የላትም። ነፋስን የሚከለክሉት የጋራ ግድግዳዎች ፀሐይንም ይከለክላሉ። ጣሪያዋ በገለፈት ከተሸፈነ በቀን ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛዋ ክፍል እሷ ናት፤ ለመድኃኒት ማከማቻ ባለ 9,000 ቢቲዩ ማሽን ይበቃታል። ያለባት ችግር የቱቦ ርዝመትና የውኃ መውረጃ ነው። ከመካከለኛዋ ክፍል እስከ ጓሮ 6 ወይም 8 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ለትንንሽ ማሽኖች ብዙ ጊዜ እስከ 15 ሜትር ይፈቀዳል። ከማሽኑ የሚንጠባጠበው ውኃ ግን ሽቅብ አይሄድም። የውኃው ቱቦ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ ስለዚህ የውስጡ ማሽን ሲሰቀል ከፍታው ከጓሮው ጫፍ ተለክቶ ነው። የመካከለኛ ክፍል ኤሲ ግድግዳ የሚያበሰብሰው ይህ ልኬት ሲዘነጋ ነው።

የውጪው ሣጥን፣ ገጣሚዎቹ «አውትዶር» የሚሉት፣ የሚፈልገው ጥላና ለቀቀ ያለ አየር ነው። በዙሪያው ያለው አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ማሽኑ የሚፈልገው መብራት ሁለትና ሦስት በመቶ ያህል ይጨምራል። በተጨማሪ ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሣጥኑ መዘውር በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በዚያው መጠን ያንሳል። ሣጥኑን ጠባብ ቦታ መሸጎጥ ወረታ ላይ ከጅቡቲ የበለጠ የሚጎዳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከጅቡቲ ጋር አይነጻጸርም።

ለማዶው ተርታ ምርጫው ግልጽ ነው። ሣጥኑ ጓሮ፣ ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ የሚተፋውንም ሙቀት ነፋሱ ከቤቱ ያርቀዋል። በሐይቁ በኩል ላለው ተርታ ግን ጓሮው ፀሐይና የፊት ለፊት ነፋስ ነው፤ መዘውሩ ወደ ውጭ የሚገፋውን ሙቅ አየር ነፋሱ መልሶ ፊቱ ላይ ይጥልበታል። ለእነሱ የሚሻለው የመንገዱ ፊት፣ ከሱቁ በር በላይ፣ ከሰው ራስ በደንብ ከፍ ብሎ ነው፤ ውኃው እግረኛ ላይ እንዳይንጠባጠብ በቱቦ መውረድ አለበት። መንገዱ ፊት የማይቻል ከሆነ ጓሮ ውስጥ ከለላ ተሠርቶለት፣ የሣጥኑ አፍ ከነፋሱ ጋር እንዳይጋጠም ወደ ጎን ይዞራል። ወደ ጎን ሲዞር ግን የጎረቤት መስኮት ይመጣል። ጓሮዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የአንዱ ማሽን የተፋው ሙቀት የሌላው ሕፃን የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ድምፁም ሌሊት ይሰማል። ከመሰቀሉ በፊት «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ብሰቅለው ወደ እናንተ አይነፍስባችሁም?» ብሎ መጠየቅ የቴክኒክ ሥራው አካል ነው።

መሬት ላይ ማስቀመጥስ? የፎገራ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መሬት ላይ የተደላደለ የሲሚንቶ መደብ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ያዘነብላል፤ ሣጥኑ ሲያዘነብል የመዳቡ ቱቦ ይጎተታል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ጋዙ ያመልጣል። የ1998 ክረምት ጎርፍ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሜዳውን መንደሮች እንዴት እንዳጥለቀለቁ የሚያስታውስ ሰውም መሬት ላይ ማሽን አያስቀምጥም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ሣጥኑ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ክብደትና ንዝረት የጭቃ ምርግ አይችለውም። ብሎኬት ከሆነ ከኮንክሪት ዓምዱ ወይም ከማሰሪያው ቢም ጋር፣ ጭቃ ከሆነ ግድግዳውን አልፎ ከዋናው ምሰሶ ጋር በብሎን መታሰር አለበት።

የሩዝ ወፍጮ አጠገብ ለሚኖር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሣጥኑ ጀርባ በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተሞላ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጥፍር ጫፍ አይበልጥም። የመፈልፈያው ብናኝ እዚያ ገብቶ ከጤዛ ጋር ይለጠፍና እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። በፈልፈላ ወራት መብራቱን አጥፍቶ፣ በቀስታ በሚወርድ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ በየጥቂት ሳምንቱ ማጠብ ያስፈልጋል። በብሩሽ መፈተግ ቅጠሎቹን ያጣምማል።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወልዲያ መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ያሉት ቤቶች ከዚህ ሁሉ ጭንቅ የራቁ ናቸው። መንገዱ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ፊታቸው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ነው። በታኅሣሥ እንኳ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከደቡብ በ55 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ስለምትመታ፣ ያው 70 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ እዚህ 1 ሜትር ግድግዳ ያጠላል። የምሥራቅና የምዕራብ ጎናቸው የጎረቤት ግድግዳ ነው። አዲስ ቦታ የሚመራ ሰው ምርጫ ካለው ይህን ያስብበት። ተርታው ጫፍ ላይ፣ በምዕራቡ ጥግ ያለው ቤት ብቻ ነው የሌሎቹን ፀሐይ የሚሸከመው፤ የደንገሉ መጋረጃ ለእሱ ነው።

የሚከብደኝ የኪራይ ቤቶቹ ጉዳይ ነው። በየጓሮው ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ፣ በር ብቻ ያላቸው፣ በሦስት ጎን ግድግዳ የሆኑ ክፍሎች አሉ። የሚከራያቸው የወፍጮ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ አዲስ ያገባ ባልና ሚስት ነው። ለእነሱ ነፋስ ከአንዱ ገብቶ በሌላው አይወጣም፤ የቀረው መንገድ ከታች ገብቶ ከላይ መውጣት ነው። ባለቤቱ ከበሩ ሥር የጡብ ቁመት ያህል ባለ ወንፊት ክፍተት፣ ከበሩ ተቃራኒ ደግሞ በጣሪያው አናት ላይ ባለ ክዳን መውጫ ቢተው፣ የጋለው አየር በራሱ ክብደት መቅለል ይወጣል። ሁለቱ ክፍተቶች በቁመት በተራራቁ ቁጥር አየሩ ይፈጥናል፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አይንቀሳቀስም። የላይኛው መውጫ ሁለት ጭብጥ ያህል ስፋት ይበቃዋል፤ ወንፊቱ ከውስጥ በኩል ይታሰራል፣ የቆርቆሮ ቆቡ አፍ የክረምቱ ዝናብ ነፋስ አዝሎ ከሚመጣበት ጎን በተቃራኒው ይዞራል። የተቀጠረው ቆርቆሮ መቺ ጣሪያውን ሲመታ አብሮ የሚጨርሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።